የመቆጣጠሪያ ሞጁል ንግድና የሻጩ ኀላፊነት፤ የሽቦው አያያዝ የነጋዴውም ጉዳይ ነው

ከአፋር በረሓ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ ዋና ሸቀጥ በነበረበት ዘመን፣ ሻጭና ገዢ አሞሌውን ሳያገላብጡ አይለያዩም ነበር። ጫፉ የተሸረፈ ወይም ወገቡ የተሰነጠቀ አሞሌ ከሙሉው ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ጕድለቱ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ስለሆነ፣ ገዢው ስለ ጨው አቈራረጥ ምንም ባያውቅ እንኳ በቀላሉ አይታለልም፤ ሻጩም ከዕቃው ጋር ሌላ ማብራሪያ የማቅረብ ግዴታ የለበትም ነበር።

ዛሬ ግን አስመጪው ከባሕር ማዶ አምጥቶ ለባለሱቁ፣ ባለሱቁም ለገጠሩ ደንበኛ ከሚያስተላልፋቸው ዕቃዎች መካከል ጕድለታቸው በዓይን የማይታይ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በውስጡ ማይክሮኮንትሮለር ያለበት የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሞጁል ነው። ይህ ዕቃ ሲታይ መዳፍ የሚያህል የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ በሁለት ጎኑ ሽቦ የሚታሰርባቸው የብሎን መያዣዎች ተደርድረዋል። በአንዱ ወገን በሚገቡት ሽቦዎች የውጭውን ሁኔታ ይሰማል፤ እነዚህም ግብዓት ይባላሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ፓምፑን፣ ማሞቂያውን ወይም የወፍጮውን ሞተር እንዲነሣ ወይም እንዲቆም ያዛል። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የመጀመሪያው የሆነው ሞዲኮን 084 እ.አ.አ. በ1968 እና በ1969 በአሜሪካ ሲወጣ፣ ዓላማው በመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ ቁም ሣጥን ሙሉ የሆኑትን ሪሌዎች ለመተካት ነበር። ዛሬ ግን መጠኑና ዋጋው እጅግ ስለ ቀነሰ፣ ትልቅ ፋብሪካ ቀርቶ አንድ የውሃ ፓምፕ ቤት ወይም አንድ የማር ማጣሪያ ሊገዛው የሚችል ዕቃ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የዕቃው መርከስ ብቻውን ጥቅም አያስገኝም። ሞጁሉን ብቻ ሸጦ፣ ግብዓቱ እንዴት እንደሚያያዝ የሚያስረዳ ጽሑፍና ለዚሁ የሚስማማ ሽቦ ሳይሰጥ ደንበኛውን የሚያሰናብት ነጋዴ፣ ግማሽ ዕቃ ሸጦ የሙሉ ዕቃ ዋጋ ተቀብሏል ማለት ነው። ይህ አባባል ለጊዜው የከበደ ቢመስልም፣ ቀጥሎ የሚዘረዘረው ነገር እውነተኛነቱን ያስረዳል።

ጕዳቱ በሩቅ አገር ስለሚብስበት ምክንያት

በአዲስ አበባ የሚኖር ደንበኛ የገዛው ሞጁል አልሠራ ቢለው በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ባለሙያም በአካባቢው ያገኛል። ሰቆጣ ግን ከዋና ከተማው በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሰቆጣም ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ሰሃላ ለመድረስ ሌላ መንገድ ይቀራል። ለአንድ የተሳሳተ ሽቦ ሲባል ዕቃውን መልሶ መላክ፣ ሌላ ማስመጣትና ባለሙያ ማመላለስ ከሞጁሉ ዋጋ የበለጠ ወጪ ያስወጣል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ፓምፑ ለሳምንታት ቆሞ ሊሰነብት ይችላል።

የዋግ ኽምራ ምድር ዝናብ የሚያጥረው፣ ድርቅም በየጊዜው የሚጎበኘው እንደ ሆነ የታወቀ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እ.አ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያወጣው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። በዚህም ቃል ኪዳን ውስጥ ንጹሕ ውሃ ከምግብና ከጤና ጋር አብሮ ተቈጥሯል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነትም የውሃና የኤሌክትሪክ አገልግሎቶችን ጎድቶ አልፏል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ ፓምፕ በሽቦ ስሕተት ሲቆም፣ የሚጎዳው ባለፓምፑ ብቻ አይደለም፤ እንስራ ተሸክማ ወደ ወንዝ የምትመለሰው እናትም ናት።

ከዚህም ሌላ የነጋዴው የራሱ ጥቅም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በስሕተት ተቃጥሎ የሚጣል እያንዳንዱ ዕቃ በብር ሲመነዘር ከቀድሞው የበለጠ ኪሣራ ያስከትላል። «ይህ ዕቃ ይቃጠላል» የሚል ወሬ በአንድ ወረዳ ከተሰማም፣ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ገበያው ይጠፋል።

«አለ ወይስ የለም» ስለሚለው ግብዓት

የሞጁሉ ግብዓቶች በሁለት ይከፈላሉ። ዲጂታል የሚባለው ግብዓት የሚቀበለው መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ አለ ወይም የለም። በጕድጓዱ ውስጥ ውሃ አለ ወይስ የለም? በሩ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል? ሞተሩ ተነሥቷል ወይስ ቆሟል? ይህን ለመጠየቅ በኢንዱስትሪ ዘንድ የተለመደው ኀይል 24 ቮልት ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ባወጣው ደረጃ፣ በተለመደው የግብዓት ዓይነት ከ15 እስከ 30 ቮልት ያለው «አለ» ሲባል፣ ከ5 ቮልት በታች ያለው «የለም» ይባላል። በመካከሉ ያለው እርግጠኛ መልስ አይሰጥም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስሕተት ይፈጠራል። ለተማሪዎች መለማመጃ የሚሸጡት ትናንሽ የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳዎች ግብዓታቸው የሚችለው 3.3 ወይም 5 ቮልት ብቻ ነው። 24 ቮልት ሲገባባቸው ወዲያውኑ ይቃጠላሉ። የኢንዱስትሪው ሞጁል ግን ምልክቱን በአብዛኛው በብርሃን አማካይነት ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ መለያ ስላለው 24 ቮልቱን ይችላል። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዋጋቸውም የተራራቀ ሆኖ ሲታይ፣ ደንበኛው ርካሹን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የሚፈረደው ልዩነቱን እያወቀ ዝም ባለው ሻጭ ላይ ነው። የግድግዳውን 220 ቮልት በ24 ቮልት ግብዓት ላይ ማሰር ደግሞ ዕቃውን ከማቃጠል አልፎ ሰው ሊገድል እንደሚችል በግልጽ መነገር አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት በሰንሰሮች ዓይነት የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ሰንሰር ምልክት ሲሰጥ አወንታዊውን 24 ቮልት ወደ ሞጁሉ ይልካል፤ በንግዱ ዘንድ ፒ ኤን ፒ ይባላል። ሌላው ደግሞ ሽቦውን ወደ አሉታዊው ወገን ይስባል፤ ይህም ኤን ፒ ኤን ይባላል። ሁለቱም በመልክ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ በጎናቸው ላይ በተጻፈች ትንሽ ፊደል ብቻ ይታወቃል። የማይስማማው ዓይነት ከታሰረ፣ በሰንሰሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እየበራች ሞጁሉ ግን ምንም አይሰማም። ገዢውም ሰንሰሩ ሲበራ ስላየ ጥፋቱ የሞጁሉ ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ሻጩም ደኅናውን ዕቃ «ብልሹ» ብሎ ይቀበላል።

ሦስተኛው የጋራ መመለሻ ሽቦን መርሳት ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ አይሠራም። ሰንሰሩ ከአንድ የኀይል ሣጥን፣ ሞጁሉ ከሌላ የኀይል ሣጥን ሲመገቡ፣ የግብዓቶቹ የጋራ መያዣ ከሰንሰሩ ኀይል ዜሮ ጋር እንደ ዓይነቱ ካልተያያዘ ምልክቱ መመለሻ ያጣል። ይህ የአንድ ክንድ ሽቦ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም የማያውቀውን ሰው ቀኑን ሙሉ ያደክማል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው በሽቦ መበጠስ ጊዜ ምን እንደሚሆን አለማሰብ ነው። በጕድጓዱ ውስጥ የሚንጠለጠለው ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ውሃ ሲኖር ምልክት እንዲሰጥ፣ ውሃ ሲያልቅ ምልክቱ እንዲጠፋ ሆኖ መታሰር ይገባዋል። እንዲህ ከሆነ ሽቦው በአይጥም ሆነ በዶማ ቢቈረጥ ምልክቱ ይጠፋል፤ ሞጁሉም ውሃ አልቋል ብሎ ፓምፑን ያቆማል። በተገላቢጦሽ ከታሰረ ግን የተበጠሰው ሽቦ «ውሃ አለ» ማለት ይሆናል፤ ፓምፑም በደረቅ ጕድጓድ ውስጥ እየዞረ ራሱን ያቃጥላል። የሁለቱ አያያዝ ወጪ እኩል ነው፤ ልዩነቱ ዕውቀት ብቻ ነው።

«ምን ያህል» ስለሚለው ግብዓት

አናሎግ የሚባለው ግብዓት መጠንን ይለካል። ውሃው ስንት ሜትር ደርሷል? ማሩ ስንት ዲግሪ ሞቋል? ለዚህ መልስ የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚለዋወጥ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚለዋወጥ ምልክት ነው። ቮልቱ በአጭር ርቀት መልካም ነው። በረጅም ሽቦ ግን በመንገድ እየደከመ ይሄዳል፤ በአጠገቡ ካለው የሞተር ሽቦም ረብሻ ይቀበላል። ሚሊአምፔሩ ግን የኀይል ሣጥኑ አቅም እስከ ፈቀደ ድረስ ሽቦው ቢረዝምም አይለወጥም፤ ከአንዱ ጫፍ የገባው በሌላው ጫፍ ይወጣል። ስለዚህ ታንኩ በኮረብታ ላይ፣ ፓምፑ በሸለቆ ውስጥ በሆነበት እንደ ዋግ ባለ አገር የሚሻለው ይህ ነው።

መነሻው ከ0 ሳይሆን ከ4 መሆኑም በከንቱ አይደለም። ባዶ ታንክ 4 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ የተበጠሰ ሽቦ ግን 0 ይሰጣል። ስለዚህ መሣሪያው ባዶውን ታንክ ከተበጠሰው ሽቦ ለይቶ ሊያውቅ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ቁመቱ 4 ሜትር በሆነ ታንክ ላይ መለኪያ ተተክሏል እንበል። ባዶ ሲሆን 4፣ ሲሞላ 20 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ 12 ሚሊአምፔር ሲሆን ውሃው 2 ሜትር ነው ማለት ነው። ሞጁሉ ግን ሲመጣ ለ0 እስከ 20 ተዘጋጅቶ ቢሆንና ማንም ሳያስተካክለው ቢታሰር፣ ባዶውን ታንክ 0.8 ሜትር ውሃ እንዳለው አድርጎ ያነበዋል። ፓምፑ ውሃው ከግማሽ ሜትር በታች ሲወርድ እንዲነሣ የታዘዘ ከሆነ ከቶ አይነሣም፤ በመስኮቱ ላይ ውሃ አለና። ሰዎች በቧንቧው ፊት ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ መሣሪያው ግን ሁሉ ነገር ደኅና ነው ይላል። በዚህ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የጠፋው ከሞጁሉ ጋር መሰጠት የነበረበት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

የአያያዙም ነገር እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ መለኪያዎች ሁለት ሽቦ ብቻ ያላቸው ናቸው። ከኀይል ሣጥኑ 24 ቮልት ወደ መለኪያው፣ ከመለኪያው ወደ ሞጁሉ ግብዓት፣ ከሞጁሉም ወደ ዜሮው ይመለሳል። መለኪያውን ዘልሎ 24 ቮልቱን በቀጥታ በግብዓቱ ላይ ያሰረ ሰው፣ በውስጡ ያለው መቋቋሚያ 250 ኦም ቢሆን 96 ሚሊአምፔር ያሳልፍበታል፤ ይኸውም ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በመቋቋሚያው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ ያድጋል። ግብዓቱ መከላከያ ከሌለው ይቃጠላል።

ገመዱም በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። ለአናሎግ ምልክት የሚስማማው ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠመዘዙበት፣ በላዩም የብረት መረብ ልባስ ያለው ገመድ ነው። በተለመደው ሥራ የዚህ ልባስ አንዱ ጫፍ ብቻ፣ በመቆጣጠሪያው ሣጥን ወገን፣ ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዛል። ሁለቱም ጫፎች ከመሬት ጋር ቢታሰሩ የሁለቱ ቦታ መሬት ልዩነት በልባሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲመላለስ ያደርጋል፤ ንባቡም ይረበሻል። የምልክት ገመድ ከሞተር ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ መግባት የለበትም፤ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተሻግረው በመስቀል ይለፉ። በደጋው አገር መብረቅ ስለሚበዛም፣ በሜዳ ላይ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ገመድ የመብረቅ ግፊት መከላከያ አብሮ መሸጥ ተገቢ ነው።

ማር ላኪዎችን ስለሚመለከተው ጉዳይ

ይህ ሁሉ የውሃ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ላኪ ቢኖር፣ የዋግ ኽምራን ማር ያስብ። አውራጃው በማሩ የታወቀ ነው። ኢትዮጵያም እ.አ.አ. በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች ተርታ ገብታለች። የረጋ ማር ለማጣራትና ወደ ዕቃ ለመገልበጥ በቀስታ መሞቅ ያስፈልገዋል፤ ከልክ በላይ ከሞቀ ግን ኤች ኤም ኤፍ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ይህ ንጥረ ነገር በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ከ40 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር እስከ 80 ይፈቅዳል። ገዢው በላቦራቶሪ መርምሮ ከዚህ በላይ ካገኘ ማሩን አይቀበልም።

አሁን በማር ማሞቂያ ጋን ላይ የተተከለው የሙቀት መለኪያ ተበላሽቶ በሌላ ይተካ እንበል። የቀድሞው ከ0 እስከ 100 ዲግሪ የሚለካ፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ነበር። ባለሱቁ «ከ4 እስከ 20 ነው፤ ያው ነው» ብሎ የሰጠው አዲሱ ግን ከ0 እስከ 150 ዲግሪ የሚለካ ነው። ሁለቱም በትክክል ይታሰራሉ፤ ሁለቱም በትክክል ይሠራሉ። ነገር ግን ሞጁሉ የቀድሞውን ልክ ይዞ ስለ ቆየ፣ ማሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ 40 ብሎ ያነባል። ሠራተኛው መስኮቱን እያየ ተማምኖ ይቀመጣል። ጕዳቱ የሚታወቀው ጭነቱ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ጭነት ማር ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ንብ አርቢው ከቀፎ ጀምሮ የደከመበት የአገሩ ማር መልካም ስምም አብሮ ይጠፋል። ይህም የሆነው በአንድ ትንሽ ቁጥር ምክንያት ነው፤ ቁጥሩም በደረሰኙ ላይ ሊጻፍ ይችል ነበር።

ስለ ከፍታው

አስመጪው ከውጭ ዕቃ ሲያዝ ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ለእነዚህ መሣሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደ የሥራ ሁኔታ ብሎ የሚቀበለው ከባሕር ጠለል እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። ሰቆጣ ከ2200 ሜትር በላይ ነች፤ አዲስ አበባን ጨምሮ ብዙዎቹ የደጋ ከተሞችም ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃውን የማቀዝቀዝ ኀይሉ ይቀንሳል፤ በሁለት መያዣዎች መካከል ያለው አየርም የኤሌክትሪክን ፍንጣቂ የመከልከል ብርታቱ ያንሳል። ይህ በ24 ቮልቱ በኩል ብዙ ባያሳስብም፣ በ220 ቮልት የሚሠሩትን የኀይል ሣጥኖችና ሪሌዎች ይነካል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ከፋብሪካው ስለ ከፍታው በጽሑፍ መጠየቅ፣ የኀይል ሣጥኑንም ከሚፈለገው በላይ አቅም ያለውን መምረጥ ነው። ሆኖም ካልተጠየቀ የሚመልስ ፋብሪካ የለም።

ስለሚነሡት መቃወሚያዎች

«የነጋዴ ሥራ መግዛትና መሸጥ ነው፤ ሽቦ ማሰር የመካኒክ ነው» የሚሉ አይጠፉም። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ነጋዴው መሰላል ይዞ ወደ ታንክ እንዲወጣ የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን መድኃኒት ሻጭ ሐኪም ባይሆንም ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ሳይነግር አይሸጥም፤ የጨርቅ ነጋዴም ሰፊ ባይሆንም ክንዱን ሳይለካ አይቈርጥም። የሻጭ ዕውቀት የባለሙያውን ቦታ አይወስድም፤ ባለሙያው ሥራውን የሚጀምርበትን ያቀርብለታል እንጂ።

ሌሎችም «ዋጋ ይጨምራል፤ ደንበኛው ወደ ርካሹ ሱቅ ይሄዳል» ይላሉ። ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም፤ በተለይ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ በሚያሸንፍበት ጨረታ ላይ እውነት ነው። «መቆጣጠሪያ ሞጁል፣ ብዛት 1» ብቻ የሚል የጨረታ ሰነድ ሲወጣ፣ ገመዱንና መከላከያውን ጨምሮ ያቀረበው ቅን ነጋዴ ይሸነፋል። ስለዚህ ነጋዴው የሞጁሉን፣ የኀይል ሣጥኑን፣ የገመዱንና የመከላከያውን ዋጋ ለየብቻ ዘርዝሮ ያቅርብ፤ ገዢው ምን እንደ ቀነሰ አውቆ ይቀንስ። አንድ ገጽ ወረቀት ማባዛት ግን ማንንም ከጨረታ አያስወጣም። ርካሽ ዕቃ መሸጥም ነውር አይደለም። ነውሩ ርካሹ የት እንደሚያገለግልና የት እንደማያገለግል አለመናገሩ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል

አስመጪዎችና ባለሱቆች ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ሞጁል ጋር አንድ ገጽ የአያያዝ ወረቀት የመስጠት ልማድ ቢያበጁ መልካም ነው። በወረቀቱ ላይ የሚከተሉት ነገሮች ይጻፉ።

አንደኛ፤ ዲጂታልና አናሎግ ግብዓቶች ስንት እንደ ሆኑና በየትኛው መያዣ ላይ እንደሚገኙ።

ሁለተኛ፤ ዲጂታሉ ግብዓት ስንት ቮልት እንደሚቀበል፣ አወንታዊ ከሚልክ ወይስ ወደ አሉታዊ ከሚስብ ሰንሰር ጋር እንደሚስማማ፣ የጋራ መያዣውም ከምን ጋር እንደሚታሰር።

ሦስተኛ፤ አናሎጉ ግብዓት ለቮልት ወይስ ለሚሊአምፔር እንደ ሆነ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ በየትኛው ልክ እንደ ተዘጋጀና እንዴት እንደሚለወጥ።

አራተኛ፤ መለኪያው ባለሁለት ሽቦ ወይስ የራሱ ኀይል ያለው እንደ ሆነ፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚለካ። ይህ ቁጥር በደረሰኙም ላይ ይጻፍ።

አምስተኛ፤ የሚያስፈልገው የገመድ ዓይነት፣ የልባሱ አያያዝና የፊዩዙ መጠን።

ስድስተኛ፤ ፋብሪካው የፈቀደው ከፍታና ሙቀት።

ከጽሑፉ ጋር ሽቦው በቀለም የተለየበት ሥዕል ይኑር። ቋንቋው አማርኛ ይሁን። ለዋግ ኽምራ ደንበኞች በኽምጣና ቢታከልበት ደግሞ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በባዕድ ቋንቋ በደቃቅ ፊደል የታተመው የፋብሪካው መጽሐፍ በካርቶኑ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ማስረዳት አይባልም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ በባንኮኒው ላይ መሞከር ይልመድ። አንድ የ24 ቮልት የኀይል ሣጥን፣ አንድ መጫኛ ማብሪያና 4፣ 12 እና 20 ሚሊአምፔር የሚሰጥ አነስተኛ መሞከሪያ ያለው ባለሱቅ፣ ደንበኛው በዓይኑ እያየ እያንዳንዱን ግብዓት ሊፈትን ይችላል። ዕቃው ደኅና ሆኖ መውጣቱን ሁለቱም ስለሚያዩ በኋላ ክርክር አይነሣም። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ዕቃ የሩብ ሰዓት ሙከራ ብዙ አይደለም።

የንግድ ምክር ቤቶች ደግሞ ለሁሉም አባሎች የሚያገለግል አንድ ዓይነት የወረቀት ናሙና ቢያዘጋጁ፣ ከሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ጋር ተባብረውም ለባለሱቆችና ለሽያጭ ሠራተኞች የጥቂት ቀናት ትምህርት ቢሰጡ፣ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ሰፊ ይሆናል። ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችና የገበሬ ማኅበራትም የአያያዙን ወረቀት በሰነዳቸው ውስጥ እንዲጠይቁ ማሳሰብ የምክር ቤቶቹ ፈንታ ነው።

የአሞሌው ነጋዴ የተሸረፈውን ከሙሉው ለይቶ ያስቀምጥ የነበረው፣ ገዢው በዓይኑ አይቶ ስለሚያውቅበት ነው። የዛሬው ገዢ ግን የሞጁሉን ውስጥ ሊያይ አይችልም፤ የሚያየው የሻጩን ቃልና የሻጩን ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ካልወጣ፣ ዕቃው ከሱቅ መውጣት የለበትም።